ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

ንግሥ በዋለ ማግስት፣ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ፣ በአንድ የአዲስ አበባ ደብር ግቢ ውስጥ ወዳለች ጠባብ ቢሮ ሦስት ሰዎች ይገባሉ። አንዱ የምእመናን ተወካይ የሆኑ ጡረተኛ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ የሆኑ ቄስ፣ ሦስተኛዋ ወጣት ሒሳብ ሹም ናት። ሙዳየ ምጽዋቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሁለት ቁልፍ አለው፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ኪስ አያድሩም። ክዳኑ ተከፍቶ ሲገለበጥ አስር ብሩ እንደ ክታብ ተጠቅልሎ፣ መቶ ብሩ በአራት ታጥፎ፣ ሳንቲሙ የጧፍ ሰም ይዞት ይወጣል። ብሩ እየተዘረጋ በየዓይነቱ ይደረደራል። አንዱ የቆጠረውን ሌላው ይቆጥረዋል። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ጥግ ላይ የተደገፉት የስለት ጥላዎችና መጋረጃዎችም ተራቸውን ጠብቀው በዝርዝር ይመዘገባሉ።

ከውጭ ለሚያየው ነገሩ ግር ይላል። ሦስቱም ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው ናቸው፤ ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ደጁን ተሳልመዋል። ሁሉን የሚያይ አምላክ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ሁለት ቁልፍ ምን ያደርግለታል? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን የሃይማኖት ተቋማት ገንዘባቸውን እንዴት እንደሚይዙ፣ ለማን መልስ እንደሚሰጡና መቼ እንደሚወድቁ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል።

ሣጥኑ ራሱ የቆየ ታሪክ አለው። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት 12ኛ ምዕራፍ ንጉሥ ኢዮአስ ቤተ መቅደሱ እንዲታደስ ያዛል፤ ገንዘቡን ከሕዝቡ የሚቀበሉት ካህናቱ ናቸው። ንጉሡ በነገሠ በ23ኛው ዓመት ግን የፈረሰው ሁሉ እንደ ፈረሰ ነው። ገንዘቡ የት እንደ ገባ መጽሐፉ በግልጽ አይናገርም፤ አንባቢው ይገምት ብሎ ትቶታል። በመጨረሻ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ፣ ክዳኑን በስቶ፣ በመሠዊያው አጠገብ ያኖረዋል። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው መጥተው ይቆጥራሉ፤ አንዱ የቤተ መንግሥት፣ አንዱ የቤተ መቅደስ ሰው መሆናቸው ነው። ጥቂት ዝቅ ብሎ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ገንዘቡ ለአናጢውና ለድንጋይ ጠራቢው እንዲከፍሉት ለተሰጣቸው አሠሪዎች ሲደርስ፣ ማንም ሒሳብ አልጠየቃቸውም፤ ታማኞች ነበሩና።

ቆጥረን እንረከብ የሚለው ስሜትና የታመነ ሰው ምን ይቆጠርበታል የሚለው ስሜት በአንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው ሲያዘነብሉ ኖረዋል።

የአይሁድ ሊቃውንት ወደ መጀመሪያው አዘንብለዋል። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተሰበሰበው የሕጋቸው መጽሐፍ ሚሽና ከቤተ መቅደሱ ግምጃ ቤት ገንዘብ ሊያወጣ የሚገባው ሰው ዕቃ መሸሸጊያ እጥፋት ያለው ልብስ እንዳይለብስ፣ ጫማም ሆነ ክታብ እንዳያደርግ ይከለክላል። ምክንያቱ ደግሞ የመንደር ሐሜትን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያሰበው ነው፦ ሰውየው ኋላ ቢደኸይ በግምጃ ቤቱ በደል ነው፣ ቢበለጽግ ከግምጃ ቤቱ ወስዶ ነው ይባላል። ለድሆች የሚሆነው ገንዘብም በሁለት ሰዎች እንዲሰበሰብ፣ በሦስት ሰዎች እንዲከፋፈል ተደነገገ። ሰውየው ሌባ ነው ብሎ የጠረጠረ የለም። ንጹሕ የሆነ ሰው ንጽሕናው የሚታይበት መንገድ ያስፈልገዋል ነው ነገሩ።

ቋንቋችን ራሱ እዚህ ጉዳይ ውስጥ እጁ አለበት። በግዕዝ ‹ሐሰበ› ማለት ቆጠረም፣ አሰበም ነው። በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጣው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ‹ባሕረ ሐሳብ› የተባለው ከዚሁ ነው። ‹ሒሳብ› ደግሞ የዚያው ሥር የዐረብኛ ወንድም ነው። ምግብ ቤት ገብቶ ‹ሒሳብ አስብልኝ› የሚል ደንበኛ ሁለቱን ወንድማማቾች በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። ‹እንተሳሰብ› ሲባልማ ይብሳል፤ እንተዛዘንም ነው፣ ያለብህን ወዲህ በልም ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በተናጋሪው ፊት ነው።

በእስልምና ‹ሒሳብ› የነጋዴው መዝገብም፣ ሰው ሁሉ በፍርድ ቀን የሚቀርብበት ምርመራም ስም ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው፣ ስለ ጸሎት ወይም ስለ ጾም አይናገርም፤ ስለ ብድር ውል ይናገራል። ዕዳው በጊዜ ገደብ ከሆነ ይጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ፣ ቃሉን የሚሰጠው ባለዕዳው ይሁን፣ ምስክሮች ይቁሙ፣ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍ ይላል። እጅ በእጅ የሆነ ንግድ ባይጻፍ ግን ነውር የለበትም። የገበያ ውሎን የማያውቅ እንዲህ ያለ ልዩ ሁኔታ ማስገባት አይታሰበውም።

የሰማዩ ሒሳብ ግን ከምድሩ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ የበላዔ ሰብ ታሪክ ይነገራል። ሰውየው 78 ነፍስ በልቷል። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ለለመነው በሽተኛ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛን ላይ ወጥቶ ከ78ቱ በልጦ ተገኘ። እንዲህ ያለ ሚዛን ላይ ፊርማውን የሚያኖር ኦዲተር የለም፤ ታሪኩም የሚወደደው ለዚሁ ነው። ችግር የሚመጣው ይኸው ሚዛን ወደ ገንዘብ ቤት ሲገባ፣ የጎደለው ብር ‹እግዚአብሔር ያየዋል› ተብሎ ሲታለፍ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሒሳብ መዝገብና ቅዱስ መጽሐፍ አንድ ጥራዝ የሆኑበት ረጅም ዘመን አለ። ታላላቅ ገዳማት ‹የወርቅ ወንጌል› የሚሉት፣ በብር ወይም በወርቅ የተለበጠ፣ በበዓል ቀን የሚወጣ ወንጌል ነበራቸው። በዚህ ወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ንጉሥ የሰጠው ጉልት፣ የገባው ጽዋና መስቀል፣ የመሬቱ ወሰን ይጻፍ ነበር። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ፣ በሽመዛና የሚገኘው የሃም ደብረ ሊባኖስ ወንጌል የንጉሥ ላሊበላን ስጦታ ሳይቀር ይዟል፤ ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እነዚህን ሰነዶች እ.ኤ.አ. በ1901 አሳትሟቸዋል። በሐይቅ እስጢፋኖስም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። የዛሬ ሒሳብ ሠራተኛ ቢያየው የንብረት ቆጠራ ይለዋል።

ወንጌል ላይ መጻፉ ብልሃት ነበረው። ብራና ጠንካራ ነው፤ ግን በስለት ይፋቃል፤ ተፍቆም እንደገና ይጻፍበታል። ስለዚህ በስጦታው ግርጌ ውግዘት ይታከላል፦ ይህን የቀማ፣ ይህን የፋቀ፣ በሥላሴ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተለየ ይሁን። ቢላዋውን አንሥቶ ወደ ገጹ የሚጠጋ ሰው የማርቆስን ወይም የሉቃስን ቃል እያየ ነው የሚፍቀው። መጽሐፉ ደግሞ እንደ ነጋዴ ደብተር በጓዳ አይገለጥም፤ ጠባቂ አለው፣ የሚወጣበት ቀን አለው፣ ሲወጣ የሚያይ አለ። በዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ እሳት ቢነሣበት ከታቦቱ ቀጥሎ ሰው የሚሮጥለት እሱ ነው።

ጸሐፊዎቹ ግን በእርግማን ብቻ አልተማመኑም። በጎንደር ዘመን በአድባራቱ መጻሕፍት የተመዘገቡት የመሬት ሽያጮች ከሻጭና ከገዢ ስም በተጨማሪ ዋጋውን፣ ዋሱን፣ ከዚያም የምስክሮችን ስም አንድ በአንድ ይደረድራሉ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ስለ ክርስቲያናዊው መንግሥት መሬትና ኅብረተሰብ የሚተርክ መጽሐፍ አብዛኛውን ማስረጃ ያገኘው ከእነዚህ ኅዳጎች ነው። ከብራናዎቹ አንዳንዶቹን ለማንበብ ለንደን መሄድ ግድ ይላል፤ የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የወሰዳቸው ናቸው። ወታደሮቹ ቅዱሳት መጻሕፍት የዘረፉ መስሏቸው የጎንደርን የርስት ማኅደርም አብረው ጭነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1870 ደግሞ ጣሊያን ውስጥ፣ ፕራቶ በምትባል ከተማ፣ በአንድ አሮጌ ቤት ደረጃ ሥር የተረሳ የወረቀት ክምር ተገኘ። ባለቤቱ በ1410 የሞተው ነጋዴ ፍራንቼስኮ ዳቲኒ ነበር። ወደ 150,000 ደብዳቤና ከ500 በላይ የሒሳብ መዝገብ ትቶ ነው የሄደው። መዝገቦቹ የሚከፈቱት በእግዚአብሔርና በትርፍ ስም ነው። ዛሬ የሚያነብ ሰው ፈገግ ይላል፤ ዳቲኒ ግን አልቀለደም። ቤተ ክርስቲያን አራጣን አጥብቃ ታወግዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1179 የተደረገው ሦስተኛው የላተራን ጉባኤ በግልጽ አራጣ የሚያበድርን ሰው ከቁርባንም፣ ከክርስቲያናዊ ቀብርም ከልክሏል። ስለዚህ ነጋዴው ወለዱን በምንዛሪ ልዩነት ውስጥ ይሸሽጋል፤ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ ያጣል። ዳቲኒ በመጨረሻ ሀብቱን ለትውልድ ከተማው ድሆች ተናዝዞ ሞተ።

ፍሎረንሳውያኑ ከዚህም አለፉ። ባርዲና ፔሩትዚ የተባሉት ታላላቅ የንግድ ማኅበሮች በመዝገባቸው ላይ ለእግዚአብሔር በስሙ ሒሳብ ከፍተውለት ነበር፤ እንደ ማንኛውም ሸሪክ ትርፍ ሲከፋፈል ይደርሰዋል፣ ድርሻውም ለድሆች ይሄዳል። ምጽዋት እንደ ባለ አክሲዮን መብት ተቆጥሮ መዝገብ ገባ ማለት ነው። ሁለቱም ማኅበሮች በ1340ዎቹ ከስረዋል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ብድሩን አለመክፈሉ ነበር። ሰማያዊው ሸሪክ ከኪሳራ አላዳናቸውም።

በዚህ ዓለም ውስጥ ያደገውን የሁለትዮሽ አመዘጋገብ ዘዴ በ1494 ቬኒስ ላይ አሳትሞ ለዓለም ያዳረሰው የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኩሴው ሉካ ፓቾሊ ነው። ዘዴውን አልፈጠረውም፤ የቬኒስ ነጋዴዎች የሚሠሩበትን ሰብስቦ በሚናገሩት ቋንቋ አስረዳ እንጂ። ነጋዴው ሥራውን በእግዚአብሔር ስም እንዲጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች ላይ የመስቀል ምልክት እንዲያኖር ይመክራል። ወዲያው ቀጥሎ ግን መዝገቦቹ ወደ ሹማምንቱ ቢሮ ተወስደው እንዲረጋገጡ ይነግረዋል። መነኩሴው መስቀሉንም፣ ማኅተሙንም ነው የፈለገው።

ኢየሱሳውያን፣ ማለትም በ1540 የጸደቀው የካቶሊክ ማኅበር፣ መዝገቡን ወደ ነፍስ አስገቡት። የማኅበሩ መሥራች ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ በ1548 በታተመው የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፉ ውስጥ ለሳምንቱ ሰባት ቀን መስመሮች አስምሯል። ሰውየው ሊተወው የፈለገውን አንድ ጥፋት ይመርጣል፤ እኩለ ቀን ላይና ማታ ራሱን ይመረምራል፤ በወደቀ ቁጥር በዕለቱ መስመር ላይ አንድ ነጥብ ያኖራል። ከዚያ ትናንትን ከዛሬ፣ ሳምንትን ከሳምንት ያስተያያል። መስመሮቹም ሳምንቱ በገፋ ቁጥር እያጠሩ ይሄዳሉ፤ ነጥቡ እንደሚቀንስ ተስፋ ተደርጓል። የሒሳብ ታሪክ ተመራማሪው ፓኦሎ ኳትሮኔ በ2004 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው የእርሻ፣ የኮሌጅና የኃጢአት መዝገቦቻቸው በአንድ የተጠያቂነት ሥርዓት ውስጥ የተሳሰሩ ነበሩ።

ይህ ሥርዓት ኢትዮጵያም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1603 የገባው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝና ጓደኞቹ ከፍሬሞናና ከጎርጎራ ወደ አለቆቻቸው በየጊዜው ዘገባ ይልኩ ነበር፦ ስንት ሰው እንደ ተጠመቀ፣ ምን እንደ ታነጸ፣ ማን እንደ ሞተ። ዐፄ ፋሲል ሚስዮናውያኑን ካስወጡ በኋላ የቀረው ያ ዘገባ ነው። ዛሬ የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን የሚያጠና ሰው ከዜና መዋዕሉ ቀጥሎ የሚያገላብጠው እነዚያን ለሮም የተጻፉ የሥራ ሪፖርቶች ነው።

በዘመናችን ምሁራኑ በዚህ ጉዳይ ተከራክረዋል። ሪቻርድ ላፍሊን በ1988 የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን አጥንቶ፣ ሒሳብ እዚያ እንደ ዓለማዊ ረዳት እንደሚታይ ጻፈ፤ ቅዱሱ ሥራ የካህኑ ነው፣ ቁጥሩ የጽሕፈት ቤቱ። ኬሪ ጄኮብስ በ2005 የስኮትላንድን ቤተ ክርስቲያን አይቶ፣ ሁሉም እንዲህ አይከፍለውም፣ ሒሳብ መያዝን የጥሪያቸው አካል የሚያደርጉም አሉ አለ። የወርቅ ወንጌሉን ያየ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከጄኮብስ ጋር ቢቆም አይፈረድበትም።

ቅዱሱና ቁጥሩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙበትን ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከወለድ ነፃ ባንክ ይሂድ። ብሔራዊ ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መደበኛ ባንኮች በመስኮት ደረጃ እንዲሠሩ ፈቀደ፤ በ2021 ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ። የእንዲህ ያለ ባንክ ዋናው ሥራ ሙራባሓ ነው። ደንበኛው መኪና ሲፈልግ ባንኩ ብሩን አያበድረውም፤ መኪናውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ገልጦ በክፍያ ይሸጥለታል። የብሩ መጠን ከተራ ብድር ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ባንኩ ያልገዛውን መሸጥ አይችልም። ስለዚህ የሸሪዓ ኦዲተሩ እንደ ማንኛውም ኦዲተር ድምሩን ብቻ አይፈትሽም፤ የግዢው ሰነድ ቀን ከሽያጩ ውል ቀን መቅደሙን ያያል። በአንድ ቀን ቢገለባበጥ፣ ቁጥሩ ቢገጥምም፣ ገቢው ሊሰረዝ ይችላል። የተከለከለ ገቢ ቢገኝ በትርፍ አይመዘገብም፤ ተለይቶ ለበጎ አድራጎት ይወጣል። የዚህ ዓይነት ተቋማትን የሒሳብ ደረጃ የሚያወጣው በ1990 የተመሠረተውና ባህሬን ላይ የተቀመጠው ድርጅት ነው። የሸሪዓ ቦርዱ አባላት ክፍያቸው የሚመጣው ከሚቆጣጠሩት ባንክ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሜት፣ የታመነ ሰው ምን ይቆጠርበታል ወደሚለው እንሂድ። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን አባል በዓመቱ መጨረሻ ቤተሰቡን ይዞ ጳጳሱ ፊት ይቀርባል፤ አሥራቱን በሙሉ ከፍሎ እንደሆነ ይናገራል። ተጠያቂነት ከታች ወደ ላይ ጥንቅቅ ብሏል። ከላይ ወደ ታች ሲታይ ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ ዝርዝር የወጪ መግለጫ ለምእመናኗ ማውጣቷን ከ1959 ወዲህ አቁማለች፤ በሚያዝያው ጉባኤ የሚነበበው የኦዲት ክፍሉ አጭር መግለጫ ብቻ ነው። በየካቲት 2023 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቤተ ክርስቲያኒቱንና ኢንሳይን ፒክ የተባለውን የኢንቨስትመንት ድርጅቷን 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። በ2018 ወደ 32 ቢሊዮን ዶላር የደረሰው የአክሲዮን ክምችት በ13 የስም ኩባንያዎች ሥር ተበትኖ ሲመዘገብ ኖሯል። ገንዘቡ ተሰረቀ አልተባለም። የሀብቱ መጠን ቢታወቅ ጣጣ ያመጣል ተብሎ ተሰግቶ ነው።

ቫቲካንም የራሷ አላት። በ2014 የኢኮኖሚ ጽሕፈት ቤቱን የተረከቡት ካርዲናል ጆርጅ ፔል በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ከዋናው የሒሳብ መግለጫ ውጭ፣ በየመምሪያው ሒሳብ ተቀምጦ እንዳገኙ በዚያው ዓመት ጻፉ። በ2015 መጨረሻ የታወጀው የውጭ ኦዲት በወራት ውስጥ ታገደ። በየመምሪያው የነበሩት ሹማምንት ሁሉም ሌቦች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ‹ለክፉ ቀን› ብለው ነው ያኖሩት። እዚያው ሞላ እዚያው ፈላ ሲሆን ግን ለክፉ ቀን ያኖረውንና ለራሱ ያኖረውን የሚለይ መዝገብ አይኖርም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቁልፉ ጥያቄ የከረረው መሬቱ ሲሄድ ነው። የሰበካ ጉባኤን ያቋቋመው ደንብ፣ ‹ቃለ ዓዋዲ›፣ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ ወጣ፤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው የደብሩን ገንዘብ እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን ወረሰ። ለዘመናት በወንጌል ኅዳግ ተጽፎ የኖረው ጉልት በአንድ አዋጅ ተሻረ፤ ውግዘቱም አላስቀረውም። ከዚያ ወዲያ ካህኑ የሚኖረው ምእመኑ ከኪሱ በሚያወጣው ብር ሆነ። ባለ ኪሱ ደግሞ ‹የት ገባ?› ይላል። በአሜሪካ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ይኸው ጥያቄ ከአገሩ ሕግ ጋር ተጣምሯል፤ ደብሩ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ይመዘገባል፣ ቦርድ ይመረጣል፣ በጠቅላላ ጉባኤ ሒሳብ ይነበባል። ቁልፉ የአስተዳዳሪው ነው የቦርዱ በሚል ዳኛ ፊት የቆሙም አሉ። ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› የሚለው ተረት አብሮ ባሕር ተሻግሯል፤ በመሠዊያ የሚያገለግል ከመሠዊያው ይካፈላል የሚለውን ጥቅስ ለእሱ ማስተባበያ የሚያደርጉም አልጠፉም።

በጠባቧ ቢሮ ሁለተኛው ቆጠራ አልቋል። ከመጀመሪያው በአስር ብር ይጎድላል። ረፍዷል፤ ጡረተኛው ሰዓታቸውን ያያሉ። ቄሱ እጃቸውን ወደ ቀሚሳቸው ኪስ ሰደው አስር ብር ያወጡና ክምሩ ላይ ሊያኖሩ ሲሉ ሒሳብ ሹሟ እጇን ትዘረጋለች።

«ይተውት፣ አባ።»

«አስር ብር እኮ ናት፣ ልጄ።»

«የእርስዎ አስር ብር ሙዳዩ ውስጥ አልነበረችም።»

ቄሱ ብራቸውን መልሰው ኪሳቸው ይከታሉ። ጡረተኛው መነጽራቸውን ያወልቁና በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ከደጅ የስለት ጥላዎቹን ጨረታ የሚጠብቁ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ልጅቱ የአስር ብሩን ክምር ወደ ራሷ ስባ፣ ጣቷን እርጥብ ስፖንጅ ላይ ነክታ፣ ከአንድ ትጀምራለች።